ኳየር ሲጋበዝ የመኪናው፣ የመኝታውና የሰዓቱ ነገር አብሮ ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ የገጠሩ መንገድ ሲደርቅ፣ በየአካባቢው ያሉ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ኮንፈረንስ ማዘጋጀት ይጀምራሉ። ከአዲስ አበባ የሚነሡ ኳየሮችም ቅዳሜና እሑድን እየጠበቁ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ነቀምት ይጓዛሉ። አገልግሎታቸው ለምእመናን በረከት ስለ መሆኑ የእኔ ምስክርነት አያስፈልግም። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ኳየሩ መድረክ ላይ ከሚቆምበት ሰዓት ውጭ ያለው ጊዜ፣ ማለትም ጉዞው፣ መኝታው፣ ምግቡና መመለሻው ነው። በአንድ የአዲስ አበባ አጥቢያ ኳየር ውስጥ በጸሐፊነት ስለማገለግል የግብዣውን ስልክ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ይህ ጊዜ ጠያቂም ኃላፊም የሌለው ሆኖ እንደሚያልፍም በየጉዞው አያለሁ።

ግብዣው አብዛኛውን ጊዜ በደብዳቤ አይመጣም። አንድ ሽማግሌ ወይም የወጣቶች ኃላፊ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ ሕዝቡ ናፍቋችኋል፤ ኑልን» ይላል። መኪናውን ማን እንደሚይዝ ሲጠየቅ፣ «ጌታ ያዘጋጃል» የሚል መልስ ይሰጣል። ጌታ እንደሚያዘጋጅ አልጠራጠርም፤ ሆኖም በእኛ ኳየር ዘንድ እስካሁን ሲያዘጋጅ ያየሁት በአባላቱ ወርሃዊ መዋጮ በኩል ነው። እነዚህ አባላት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ልጆቻቸውን ለእኅት ወይም ለጎረቤት አደራ ብለው የሚወጡ እናቶች ናቸው። የኳየር ልብሱን ከደመወዛቸው አውጥተው ያሰፋሉ፣ ለልምምድ በሳምንት ሁለትና ሦስት ምሽት ይሰጣሉ፣ ቅዳሜ ሥራ ያለባቸውም ከአለቃ ፈቃድ ይለምናሉ።

አዲስ አበባ ላይ ዓርብ ከሥራ በኋላ የሚነሣ ኳየር በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ፣ ሆሳዕናን አልፎ ወላይታ ሶዶ እስኪደርስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ለአሥራ አንድ ሰው በታሰበ ሚኒባስ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ሆኖ መጫን የተለመደ ነው፤ ድምፅ ማጉያውና የልብሱ ሻንጣ ፖርቶ መጋላ ላይ በሸራ ይታሰራሉ፣ ኪቦርዱ ግን ለጣሪያ ስለማይታመን በሦስት ሰዎች ጉልበት ላይ ተጋድሞ ይሄዳል። ኪቦርዱን የታቀፉት ሦስቱ እስከ ሆሳዕና እግራቸውን መዘርጋት አይችሉም። ሲደርሱም «ሕዝቡ እየጠበቀ ነው» ስለሚባል አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ አንዳንዴም ልብሳቸውን ከመድረኩ ጀርባ በነጠላ ተከልለው ቀይረው ይወጣሉ። ሁለት መዝሙር ተብሎ የተያዘው ፕሮግራም የተጋበዘው ሰባኪ በመዘግየቱ ሰባት መዝሙር ይሆናል። ያሉት ሁለት ሞንታርቦዎች (ትልልቅ የድምፅ ማጉያ ሳጥኖች) ፊታቸው ወደ ሕዝቡ ስለሚዞር ዘማሪዎቹ የራሳቸውን ድምፅ አይሰሙም፤ ካልሰሙ ይጮኻሉ፣ ከጮኹ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ሶፕራኖዎቹ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚዘምሩት እኅቶች፣ ዝንጅብል ሲያፈሉ ይገኛሉ።

ስለ መስተንግዶ ስጽፍ የገጠሩን ምእመን ደግነት ማሳነስ አልፈልግም። የራሱን አልጋ ለእንግዳ ለቅቆ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ የሚተኛ ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ላለው ቤተሰብ ቅሬታ ማሳየት ነውር ነው። ችግሩ ያለው ከዝግጅቱ ነው። ማን የት እንደሚያድር የሚወሰነው ከምሽቱ ፕሮግራም በኋላ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ «ሁለት እኅቶች እኔ ጋ» «ሦስት ወንድሞች እዚያ» እየተባለ ነው። ከተማውን የማያውቁ ወጣት ሴቶች በሌሊት ወደማያውቁት ቤት ይወሰዳሉ፤ ከዚያም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለማለዳ ጸሎት ይቀሰቀሳሉ። የላካቸው አጥቢያ ሽማግሌዎች ልጆቹ በማን ቤት እንዳደሩ ቢጠየቁ መልስ የላቸውም።

ገንዘቡንም እንናገረው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው «የፍቅር ስጦታ» የታሸገ ፖስታ ነው፤ ተጋባዡ ፊት ስለማይከፈት፣ ለነዳጅ ይበቃ እንደሆነ የሚታወቀው መኪናው ከከተማ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያው ኮንፈረንስ ላይ ለብቻው የሚዘምረው እንግዳ ግን አስቀድሞ ተነጋግሯልና ሆቴል ይያዝለታል፣ ውሎ አበልም ይቆረጥለታል። ለእርሱ መደረጉን አልቃወምም፤ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል ተብሎ ተጽፏል። ጥያቄዬ አንድ ሰው ሲሆን የተሰላው ወጪ ሃያ ሰው ሲሆን በእምነት ላይ ብቻ የሚጣልበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው መመለሻው ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮና ክፍል መግባት ስላለ ኳየሩ እሑድ አመሻሽ ላይ ይነሣል፣ ሌሊቱንም ሙሉ ይጓዛል። ሹፌሩ ሁለት ቀን መኪናውን ሲጠብቅ፣ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን፣ ምናልባትም ራሱ አማኝ ከሆነ ከሕዝቡ ጋር ሲያመልክ የቆየ ሰው ነው፤ ለእርሱ አልጋ ያሰበ አስተናጋጅ ኮሚቴ እስካሁን አልገጠመኝም። ወደ ኋላ የተቀመጡት ወንድሞች ተራ ገብተው ሲያጫውቱት ያድራሉ፤ የእኛ የደኅንነት ጥበቃ ይኸው ነው።

ይህን በአንድ ስብሰባ ላይ ሳነሣ አንድ አባት፣ «እኛ በደርግ ዘመን ስለ መዝሙር ታስረናል፤ እናንተ ስለ እንቅልፍ ታወራላችሁ» ብለውኛል። አባባላቸውን አከብራለሁ። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ ንብረቷ ሲወረስ አማኞቿ በየቤቱ ተሰብስበው ዘምረዋል፤ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶም ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ የዚያ ዘመን መዝሙሮች በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ እኛ ዘንድ ደርሰዋል። ነገር ግን ያ መከራ ከአሳዳጅ የመጣ ነበር። ዛሬ ዘማሪዎችን በእንቅልፍ እጦት መንገድ ላይ የሚያወጣቸው የራሳቸው ወገን ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይመስለኝም።

በነህምያ መጽሐፍ 13ኛው ምዕራፍ ላይ፣ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ሌዋውያንና መዘምራን አገልግሎቱን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው እንደ ሄዱ ይነበባል። ነህምያ ይህን ሲያይ የተከራከረው ከሹማምቱ ጋር ነበር፤ መዘምራኑን ስለ ቅንዓታቸው ማነስ ሲወቅስ አናገኘውም። በየኳየሩ ሦስትና አራት ዓመት አገልግለው ድምፃቸው ሳይጠፋ፣ ፍቅራቸውም ሳይቀዘቅዝ ከአገልግሎቱ የሚቀሩ አባላት ቁጥር ጥቂት አይደለም፤ በየጊዜው «ቀዘቀዙ» ተብሎ ይጸለይላቸዋል።

የሌላ አገር ታሪክም ልጥቀስ። በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ፣ ከባርነት ነጻ ለወጡ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. በ1866 የተከፈተው የፊስክ ትምህርት ቤት በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ሲል፣ ዘጠኝ ተማሪዎች ከሒሳብ ሹሙ ከጆርጅ ዋይት ጋር በጥቅምት 1871 ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞሩ ለመዘመር ወጡ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ነበሩ። በጉዟቸው መጀመሪያ ያገኟትን ከሃምሳ ዶላር የማትበልጥ ገንዘብ ለቺካጎ ቃጠሎ ተጎጂዎች ሰጡ፤ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ሆቴሎች አናሳድርም ይሏቸው ነበር፤ የክረምቱን ብርድም በቂ ልብስ ሳይኖራቸው ተጋፈጡት። በታኅሣሥ ብሩክሊን በሚገኘው የታዋቂው ሰባኪ የሄንሪ ዋርድ ቢቸር ቤተ ክርስቲያን ከዘመሩ በኋላ ስማቸው ወጣ፣ በ1873 እንግሊዝ ተሻግረው በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ፣ በሰበሰቡት ገንዘብም እስከ ዛሬ በግቢው ውስጥ የቆመው «ጁቢሊ» የተባለው ሕንፃ ተሠራ። ሆኖም ያ ሁሉ ዓመት ያለ በቂ ዕረፍት ያለፈ ስለነበር ዘማሪዎቹ ዝለው፣ አንዳንዶቹም ታመው፣ ኅብረቱ በ1878 ተበተነ። ሕንፃውን የሚያደንቁ ብዙዎች ናቸው፤ እኔን ግን ይህ የመጨረሻው ክፍል ይበልጥ ያሳስበኛል።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። ጋባዡ አጥቢያ በደብዳቤ ይጋብዝ፤ በደብዳቤውም መኪናውንና ነዳጁን ማን እንደሚሸፍን፣ እንግዶቹ በነማን ቤት እንደሚያድሩ፣ ስንት መዝሙር በስንት ሰዓት እንደሚዘመር ይጻፍ። አቅም ከሌለው የለኝም ይበል፤ አቅሙን አውቆ በራሱ ወጪ መሄድን የሚመርጥ ኳየር አይጠፋም፣ እኛም ሄደን እናውቃለን። የሚልከው አጥቢያም የሽማግሌ ፊርማ ሳይኖርበት ኳየሩን አያሰናብት፤ ለሹፌሩ አልጋ መያዙን ሳያረጋግጥም ይሁንታ አይስጥ። የሌሊት ጉዞ ጨርሶ ይቅር። ይህ ማለት የእሑዱ ፕሮግራም እስከ ስድስት ሰዓት ያልቃል፣ ወይም ኳየሩ የሚጋበዘው ሰኞ የበዓል ቀን በሆነበት ሳምንት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህን ማስተካከል የሚችለው ደግሞ የኮንፈረንሱን ቀን የሚቆርጠው ኮሚቴ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አባላቱ ሁሉ የሚጠቀሙበት አንድ ገጽ የግብዣ ቅጽ አዘጋጅቶ ቢያሰራጭ፣ በስልክ የሚጀምረው ድርድር በእጅጉ ይቀላል። ረቂቁን ለማዘጋጀት የሚሹ ካሉ የእኛ ኳየር ለራሱ የሚጠቀምበትን ቅጽ ለማካፈል ፈቃደኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኳየር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ