ይድረስ ሐዋሳ ላለው ወንድሜ

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ነገ ስል ቆይቼ በኋላ መደወሉም አሳፈረኝ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ እህትህን አገኘኋት። "ምነው ጠፋህ?" ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። የላፕቶፕህን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ልትቀይር መሆኑንም ነገረችኝ። እኔ ያየሁትን ሳታውቅ እንዳትጀምረው ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ያ የሱቁ ኮምፒውተር አሁንም አለ። በጥቅምት ዲስኩ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። ምን እንዳለበት ታውቃለህ። አባባ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ስለ ታንኳ ሲያወሩ የቀዳኸው ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። እሳቸው ካረፉ ወዲህ አንድም ቀን ደፍሬ አልከፈትኩትም ነበር። መጀመሪያ እሱን ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። አንተም እንደዚያ አድርግ፤ የማይተካው ይቅደም።

የሱቁ የሂሳብ ፕሮግራም መጫኛው ስለጠፋ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን አልፈለግሁም። ዲስኩን ወደ አዲስ ኤስኤስዲ ክሎን ላድርገው፣ ማለትም ያለውን እንዳለ ልገልብጠው አልኩ። ማታ ጀምሬ ተኛሁ፤ መብራትም አልጠፋም፤ ጠዋት አልቆ አገኘሁት። ሁለቱም ዲስኮች እንደተሰኩ አስነሳሁት። ተነሳ! ግን እንደ ድሮው ይንቀራፈፋል። ለካ የተነሳው በአሮጌው ነው። አሮጌውን ስነቅለው ስክሪኑ ጠቆረ፤ የሚነሳ ዲስክ የለም አለኝ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የገለበጥኩት ሲ የሚባለውን ክፍል ብቻ ነበር። ዊንዶውሱም ፋይሉም እዚያ ስላለ ሌላ የሚቀር አልመሰለኝም። ኮምፒውተሩ ሲበራ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ሲን አይደለም። ኢኤፍአይ የምትባል፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት የምታክል፣ ፊደል ስለሌላት ዓይን ውስጥ የማትገባ ክፍል አለች። ዊንዶውስ የት እንዳለ የሚናገረው መዝገብ እሷ ውስጥ ነው። አዲሱ ዲስክ እሷ አልነበረችውም።

የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሰክቼ፣ መጫኑን ትቼ ጥገና ወደሚለው ገባሁና ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትኩ። ዲስክፓርት በሚባለው የዲስክ መከፋፈያ ከሲ 200 ሜጋባይት ቀንሼ የኢኤፍአይ ክፍል ፈጠርኩ። በፋት 32 ፎርማት አድርጌ ኤስ የሚል ፊደል ሰጠኋት። ከዚያ ያንን የማስነሻ መዝገብ በሚጽፈው፣ ቢሲዲቡት በሚባለው ትእዛዝ የዊንዶውሱን ፎልደርና ኤስን ጠቅሼ ኢንተር አልኩ። አንድ መስመር ብቻ ናት። ፊደሎቹን ግን አስቀድመህ አጣራ፤ በመጫኛ ፍላሽ ስትገባ ሲ ሌላ ፊደል ሊይዝ ይችላል። የኔው ዲ ሆኖ ነበር። ኮምፒውተሩ አዲሱን ዲስክ ብቻውን ይዞ ሲነሳ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አንተ ይህ ሁሉ አያስፈልግህም። ሲን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን በሙሉ ክሎን አድርግ። እንዳለቀ ላፕቶፑን አጥፋ፣ አሮጌውን ንቀል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ ብቻ አስነሳ። ሙሉ ክሎን የሆኑ ሁለት ዲስኮች መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሚሆን፣ አብረው ከተሰኩ ዊንዶውስ አንዱን ከሥራ ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ላፕቶፕህ የቆየ ነውና ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው በድሮው አከፋፈል የተከፈለ ከሆነ፣ ባዮስ በሚባለው የማስነሻ ማስተካከያ ውስጥ ሌጋሲ (የድሮው አነሳስ) የሚለውን አትንካ። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለው ደግሞ የመክፈቻ ቁጥሩን አስቀድመህ ወረቀት ላይ ጻፍ። አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ ለአንድ ወር ሳትሰርዘው አቆየው።

በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ እስካሁን አላየኸውም። 380 ሜትር ነው። ና፣ አብረን በእግር እንሻገረዋለን።

ትናንት ማታ ድምፁን ከፈትኩት። ነፋሱ ይሰማል፣ ማዕበሉም ይሰማል። አንተ "አባባ፣ የታንኳው ደንገል ውሃ ሲጠጣ ምን ያደርጉታል?" ትላለህ። "አውጥተን ፀሐይ ላይ ነዋ!" ብለው ይስቃሉ። ሳቃቸውን ረስቼው ነበር።

እህትህ ሐሙስ ትነሳለች። የድምፁን ግልባጭ በፍላሽ ሰጥቻታለሁ።

ያንተው፣
ከባሕር ዳር