«ጢጥ» ስላለ ብቻ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ አደጋ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ምጣድ ሠሪዎች ከመሸጣቸው በፊት የኧርዙን መስመር በሙልቲሜትር ይፈትሹ» የሚል ምክር አነበብኩ። እኔ ደሴ ውስጥ ምጣድ ሠሪ ነኝ። ኧርዝ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ሰው ሳይነካ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው፤ ሙልቲሜትር ደግሞ መስመሩ ከተገናኘ «ጢጥ» የሚል መለኪያ ነው። ይህንኑ ምክር ለዓመታት ስከተል ኖሬ ሰው ልገድል ነበር።

ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት እኔ የሠራሁትን ምጣድ በባጃጅ አስጭነው መጡ። እንጀራ ሲጋግሩ ላሜራው፣ ማለትም የብረት ገላው፣ እጃቸውን በኤሌክትሪክ መትቶ ወርውሯቸዋል። ያተረፋቸው የላስቲክ ጫማቸው ነው። ስከፍተው ሬዚስታንሱ፣ የሚግለው ሽቦ፣ ከቦታው ወጥቶ ላሜራውን ነክቷል። ይህ ሲሆን ኧርዙ ኤሌክትሪኩን ተሸክሞ ብሬከሩን መጣል ነበረበት። አልጣለም። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ቡሎኑ ሥር ተቃጥሎ ተበጥሷል። ለካ ሽቦውን ስልጥ አብዛኛውን ክር በፒንሳ ቆርጬዋለሁ። የቀሩት ሁለት ክሮች እንደ ፊውዝ ቀለጡ። ስሸጥላቸው ግን ሙልቲሜትሬ በደንብ «ጢጥ» ብሎልኝ ነበር።

ጭራሽ እሳቸው እኔን አጽናኑኝ። «አብሽር ልጄ፣ እኔስ ተርፌያለሁ። ሌላ ቤት የሄደውን አስብ» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሸጥኳቸውን ምጣዶች ቤት ለቤት እየዞርኩ እከፍታለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ አይቻለሁ፤ ሦስቱ ላይ ኧርዙ የታሰረው ቀለሙ ሳይፋቅ ነው። ዳዶው ጠብቋል፣ ሮንዴላው አለ፣ ከሥሩ ግን ቀለም፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም።

ሙልቲሜትር «ጢጥ» ለማለት የሚልከው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊአምፒር ገደማ። ለእሷ አንዲት ክርም ትበቃታለች። ደግሞ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካክታችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ያነባል፤ ኦም መስመሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት ነው። አይኢሲ 60335 የሚባለው የቤት ዕቃዎች ደህንነት ደረጃ ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሳይጨምር፣ ከላሜራው እስከ ኧርዙ ማሰሪያ ያለው ከ0.1 ኦም እንዳይበልጥ ይላል። የመለኪያው ገመድ ብቻውን ከተፈቀደው በላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ምን ይለካል?

ሌላ መሣሪያ ልገዛ ቆርጬ መርካቶ ድረስ ሄድኩ። «ግራውንድ ቴስተር» አልኳቸው፣ ሰጡኝ። ደሴ ገብቼ ሳጥኑን ስከፍት ረጃጅም ገመዶችና ሁለት የብረት ችካሎች ወጡ። መሬት ውስጥ የተቀበረ የኧርዝ ዘንግ የሚለካበት ኖሯል! ምጣዱን ሜዳ አውጥቼ ዙሪያውን ችካል ልመታ? ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስሙን በቅጡ ሳላውቅ ሄድኩ። የሚፈለገው ኧርዙ ላይ ብዙ አምፒር ለቆ የሚፈትነው «ግራውንድ ቦንድ ቴስተር» ነው። «ቦንድ» የምትለዋን እንዳትዘሏት። ሜገር የሚባለው የሽቦ ሽፋን መፈተሻም አይተካውም፤ እሱ የሚፈትሸው ኤሌክትሪክ ማለፍ የሌለበትን ቦታ ነው።

ትክክለኛውን ያየሁት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ነው። ሆን ብለን ሁለት ክር ብቻ የቀረው ሽቦ አዘጋጀን። ሙልቲሜትሩ «ጢጥ» አለ። በቦንድ ቴስተሩ 25 አምፒር ስንለቅበት ክሮቹ ቀልተው ተበጠሱ፣ ትንሽ ጭስ ወጣ። እኔ እጄን ሰብስቤ ቆሜ ነበር፤ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ቮልቴጁ ከ12 ስለማይበልጥ ሰው አይነዝርም።

ሊገዛ ላሰበ የሙያ ባልደረባዬ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ደረጃው የዕቃውን አምፒር አንድ ተኩል እጥፍ ወይም 25፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ልቀቁበት ይላል። 4,000 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 18 አምፒር ገደማ ይስባል። አንድ ተኩል እጥፉ 27 ነው። ስለዚህ 25 ላይ የሚያበቃው ለትልቅ ምጣድ አይሆንም፣ 30ን የሚደርሰውን ፈልጉ። ከዚያ በአራት ሽቦ የሚለካ መሆኑን ጠይቁ። ሁለቱ አምፒሩን ይወስዳሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጁን ያነባሉ፣ የመሣሪያው ገመድ ቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ባለ ቀለም ስክሪን ምናምን የሚሉት ጌጥ ነው።

ለአንድ ሱቅ ዋጋው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ምጣድ ለመፈተሽ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ አንድ መሣሪያ ለስንቶቻችን ይበቃል። የደሴና የኮምቦልቻ ምጣድ ሠሪዎች እቁብ ጥለን አንድ እንግዛ እላለሁ። የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ እጥላለሁ።

ያ ባለ ችካሉ ሳጥን አሁንም ሱቄ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ቤት ሠርቶ የኧርዝ ዘንግ የሚያስቀብር ሰው ካለ መጥቶ ይዋሰኝ።

ምጣድ ሠሪው
ከደሴ