«የሰሌዳ ቁጥሩን ይዛለች?» ላሉን ኃላፊ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

የየትኛው ከተማ ኃላፊ እንደሆኑ አልጽፍም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነዎት፤ ሌላውን እርስዎ ያውቁታል። በቃል አመለከትን፣ በጽሑፍ አመለከትን፣ «እናጣራለን» ተባልን። ማጣራቱ አላልቅ ስላለ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

አክስቴ የመንዝ ሰው ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ለሕክምና መጥታ ስትመለስ መናኸሪያው ገባችና እንደ ወጉ ጠየቀች፦ «የመሐል ሜዳው የቱ ነው?» አንዱ ረዳት «ይሄው ነው እናቴ፣ ግቢ ግቢ» ብሎ ክንዷን ይዞ አስገባት። የሚኒባሱ ታፔላ ከአናቱ ተነቅሎ ወንበር ስር ተጥሏል። ተራ አስከባሪዎቹ እዚያው አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ከሾፌሩ ብር ተቀበሉና ዞር አሉ።

ደክሟት ስለነበር እንቅልፍ ወሰዳት። ነገሩ የገባት የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ወበቁ ሲመጣ ነው። ወደ መንዝ እየሄዱ ወበቅ! ካፖርት ላይ ጋቢ እንደደረበች ሸዋ ሮቢት፣ ቆላ ላይ አራገፏት። ሂሳቧ አልተመለሰላትም። የመመለሻ ብርም አልነበራት። ያሳደሯት የማያውቋት ሰዎች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ይህን ስንነግርዎ ምን አሉን? «የሰሌዳ ቁጥሩን ይዛለች?»

ክቡር ኃላፊ፣ ፊደል የማትለይ ሴት የሰሌዳ ቁጥር በምኗ ትያዝ? በጥርሷ? ቀጥለውም «ጠይቃ መግባት ነበረባት» አሉን። ጠይቃለች እኮ! ችግሩም እሱ ነው። እኛ መናኸሪያ ውስጥ ለመንገደኛ ያለው መረጃ የረዳት አፍ ብቻ ነው። ረዳቱ ደግሞ እንጀራው መኪናውን መሙላት ነው።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይጠፋ እንዲጓዝ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡሯን እንደ ፈረንጆቹ በ1969 ስትከፍት፣ ማንበብ የማይችል ነዋሪ ብዙ ነበራት። ምን አደረገች? ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሥዕል ሰጠችው። ቻፑልቴፔክ የሚባለው ጣቢያ ምልክቱ ፌንጣ ነው። «ፌንጣው ጋ ስትደርሺ ውረጂ» ብትባል አክስቴም አትጠፋም። መስመሮቹ ደግሞ በቀለም ይለያሉ። ቶኪዮ፣ አሁንም እንደ ፈረንጆቹ፣ በ2004 የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎቿን ቁጥር ሰጠቻቸው፤ የጃፓንን ጽሕፈት የማያነብ እንግዳ ቁጥሩን ተከትሎ ይወርዳል። ይህ ሩቅ ነው ካሉ አዲስ አበባ አለችልዎ። በእኛ አቆጣጠር በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እንኳ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ ተለይቷል። የአያቱ አረንጓዴ፣ የቃሊቲው ሰማያዊ። አለቀ።

«እኛ ጋ ባቡር የት አለና?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ማን ባቡር ጠየቀ? እነዚያ ከተሞች ውስጥ መንገደኛውን ከመጥፋት የሚያድነው ሐዲዱ አይደለም፤ ማንንም ሳይለምን በዓይኑ የሚያየው ምልክት ነው። እኛ ጋ ለዚያ ቆርቆሮና ቀለም ይበቃል። ለመንዝ በግ ያሥሉ፣ ለሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ ለአንኮበር ቤተ መንግሥቱን። ታሪፉንም ከቢሮዎ ግድግዳ አውርደው ተሳፋሪው ወረፋ የሚይዝበት ቦታ ይለጥፉት። (አሁን ባለበት ቦታ የሚያነበው እርስዎና ጸሐፊዎ ብቻ ናችሁ፤ ሁለታችሁም በሚኒባስ አትሄዱም።) ታፔላውን ነቅሎ የሚጭን መኪና ደግሞ መውጫ አይሰጠው። መመሪያውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ አላስታውስዎትም።

አክስቴ ጥር ላይ ሌላ ቀጠሮ አላት። እስከዚያ ቀለም ይደርቃል።