ለፋጡማ፣ ስለ ነጩ ሌንስ

ደሴ፣ ጥር 21

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ ለፋጡማ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? አባታቸውስ? እናትሽን በቀደም ሰኞ ገበያ አግኝቻቸው ደህና መሆንሽን ነግረውኛል፤ ስለዚህ «ሞታ ነው ወይስ ተሰዳ» የሚለውን ቁጣሽን ያዝ አድርጊው። ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። ዛሬ ነገ ስል ዝምታው ራሱ እያሳፈረኝ ሄደ፤ ካሳፈረኝ በኋላ ደግሞ በምን አፌ ልጀምር? ይቅር በይኝ፣ በቃ። ስንገናኝ እንደ ልማድሽ ትወርጂብኛለሽ፣ እኔም እንደ ልማዴ ቡና እያፈላሁ እሰማሻለሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። የጻፍኩልሽ ናፍቆት ብቻ ገፋፍቶኝ አይደለም፤ ነጩን ሌንስሽን ፈልጌ ነው። እናትሽ «ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላዋለች፣ ነክታውም አታውቅ» ሲሉኝ ከመንገዱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ፣ ቁም ሳጥን ላይ! እንዲያውም ከላዩ ላይ የክረምት ብርድ ልብስ እንደ ደራረብሽበት ነግረውኛል። ምነው ፋጤ?

«ምን ልታደርጊበት ነው?» ከማለትሽ በፊት ልመልስ፤ ወፍ ላነሳበት ነው። አዎ፣ ወፍ። ሳቂና ስትጨርሺ ንባብሽን ቀጥይ። በ2014 ስቱዲዮው ባዶውን ከቀረ ወዲህ በአንድ ካሜራና በሁለት ትንንሽ ሌንሶች እንደ ገና መጀመሬን ታውቂያለሽ። ለጉርድ ፎቶ፣ ለምርቃትና ለሰርግ አላነሱኝም ነበር። ታዲያ አንድ ጊዜ ሙሽሮችን ሐይቅ ወስጄ ከውሃው ዳር አቁሜ ሳለሁ፣ ከሙሽራው ትከሻ በላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ መጥታ አየር ላይ ቆመች። ቆመች ስልሽ፣ ክንፏ ይርገበገባል፣ ጭንቅላቷ ግን በሚስማር እንደ ተመታ ንቅንቅ አይልም። ረጅሙን ምንቃሯን ወደ ታች ቀስራ ውሃውን ትመረምራለች። ከዚያ ክንፏን ሰብስባ ቁልቁል ተወረወረች። ስትወጣ በአፏ ጣት የምታህል ዓሣ ይዛለች፤ ጉቶ ላይ አረፈችና ዓሣዋን ግራና ቀኝ ከእንጨቱ ጋር አላግታ፣ መወራጨቷን ስታቆም በጭንቅላቷ በኩል ዋጠቻት። ሙሽራው «ጨረስን?» ሲለኝ ነው የባነንኩት። ሙሽሮቹ ግማሽ ፊታቸው የተቆረጠበት፣ ወፏ ግን ሙሉ የወጣችበት አንድ ፎቶ አለኝ። ለእነሱ አላሳየሁም፤ ለአንቺ አሳይሻለሁ።

ሴት መሆኗን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሴቷ ደረቷ ላይ አንድ ጥቁር መቀነት ብቻ አላት፣ እሱም መሐሉ ላይ የተቋረጠ፤ ወንዱ ግን ሁለት ታጥቋል። በእነሱ ዘንድ መቀነት የሚያበዛው ወንዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ማለዳ ደሴ ላይ ብትፈልጊኝ አታገኚኝም። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ምን አላት፤ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ይዤ እወርዳለሁ። እናቴ መጀመሪያ ላይ ባል ያገኘሁ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስመለስ ስታየኝ ግን ተስፋዋን ቆርጣለች። አንቺና እኔ ስንት ጊዜ እዚያ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ዓሣ በልተናል? አንድ ወፍ አይተን እናውቃለን? ያኔ የምናየው ሌላ ነበር፤ ስም አልጠራም።

ወፎቹ እኮ እዚያው ነበሩ። ክንፉን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ጥቁሩ ወፍ ለካ የሚኩራራ አይደለም፤ ላባው ውሃ ስለሚገባው ጠልቆ ዓሣ ከያዘ በኋላ ማድረቅ የግዱ ነው። ትንሿ ጠላቂ ወፍ ደግሞ ጫጩቶቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ ትዋኛለች። በዚህ ወቅት እንግዶቹም አሉ፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎች። ጥቅምት አካባቢ ይገባሉ፣ መጋቢት ላይ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል ይባላል፤ እኔ እስካሁን ያነሳሁት በጣት የሚቆጠሩትን ነው፣ ገና ዕድሜ ይስጠኝ።

ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን የሐይቅ ወፎች ፎቶ አዘዘኝ። ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ ደህና ሰርጎች ተደምረው የማይሰጡኝን ያህል። ቀብዱን ተቀብዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለስቱዲዮው ኪራይ ከፍዬዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፤ ወፎቹ በሙሉ ከውሃው ላይ በአንድ ጊዜ ግር ብለው ሲነሱ። «በራሳቸው ጊዜ እስኪነሱ ልጠብቅ» ስለው ሳቀብኝ። «ልጅቷ ቀልደኛ ናት፣ አንድ ድንጋይ ይበቃል» አለ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ በመኪናው ይዞኝ ወረደና፣ ካሜራዬን ሳላዘጋጅ አብሮት የመጣውን ልጅ ወርውር አለው። ልጁም ወረወረ። ፋጤ፣ ድምፁ ነው የማይረሳኝ፤ ያ ሁሉ ክንፍ ውሃውን እየመታ ሲነሳ። ሰውየው ያጨበጭባል። እኔ ግን ዓይኔ ሸምበቆው ጥግ ላይ ነበር። ግንባሯ ነጭ፣ አናቷ ላይ ሁለት ቀያይ እብጠቶች ያሏት ጥቁር የውሃ ዶሮ አለች፤ ጎጆዋን ከሸምበቆ ገንብታ እውሃው ላይ ታንሳፍፋለች። እሷም ከባሏ ጋር ተራ በተራ እየታቀፉ የሚጠብቁትን እንቁላል ጥላ ሸሸች። እንቁላሎቹ ከቆምኩበት ይታዩኝ ነበር፤ ደብዘዝ ያለ ቡናማ፣ ላያቸው ላይ በርበሬ የተነሰነሰባቸው ይመስል ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው። ብዙ አልቆየም፣ ቁራ መጣ። ዝርዝሩን ልተወው።

ፎቶውማ ወጥቷል። ሰውየው ወዶታል። እኔ ግን ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳየው ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? ጅራት። ከዳር እስከ ዳር ጅራት። የፈራ ወፍ ካስፈራራው ይሸሻል እንጂ ወደ እሱ አይመጣም፤ ስለዚህ አንድም ዓይን፣ አንድም ምንቃር ወደ ካሜራው የዞረ የለም። የወፍ ፎቶ ደግሞ ዓይኑ ካልታየና ዓይኑ ውስጥ ያችን የብርሃን ነጥብ ካላስቀረሽ ምኑን ፎቶ ሆነ? ለሰውየው ስለ እንቁላሉ ብነግረው አይገባውም። ጅራቱን ግን እየቆጠርኩ አሳየሁት፣ ትንሽ አሰበ፤ «እሺ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ የተሻለ አምጪ፣ ካልሆነ ይሄኑ አትሜ እሰቅለዋለሁ» አለኝ። ስሜ ከሥሩ ተጽፎ! የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ የእኔን ጅራቶች ሊያይ ነው።

ያለ ድንጋይ እንዴት እንደሚሠራ አውቄዋለሁ፣ በዚህ አትጠራጠሪ። ወፍ የሚነሳው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። ነፋሱ ከጀርባዬ ከነፈሰ፣ ሲነሱ ወደ እኔ ፊታቸውን አዙረው ይመጣሉ ማለት ነው። እኔ የምቆመው ከከተማው በኩል፣ ከምዕራቡ ዳር ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትወጋኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን እሷም ከጀርባዬ ትሆናለች። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱና ፀሐይዋ በአንድ ወገን የሚሰለፉበትን ቀን መጠበቅ ነው። ዳክዬዎቹም ሳይነግሩሽ አይነሱም። መጀመሪያ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ከዚያ አናታቸውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይጀምራሉ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል፤ ያኔ ጣትሽ ቁልፉ ላይ መሆን አለበት። የካሜራውን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሁለት ሺኛው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ነጫጮቹ ሳቢሳዎች መሐል ከገቡ ብርሃኑን ትንሽ እቀንሳለሁ፣ አለበለዚያ ላባቸው ወረቀት ይሆናል። ይህን የተማርኩት ኮምቦልቻ ቦርከና ድልድይ ሥር ቆሜ ነው፤ ሽታውን አላወራልሽም። ለካሜራው ማስደገፊያ የሽምብራ ከረጢት ሰፍቻለሁ፣ ከየትኛውም ባለ ሦስት እግር ይሻለኛል። እናቴ ሽምብራው ለሹሮ ነበር ብላ አሁንም ታጉረመርማለች።

የሌለኝ ርቀቱ ነው። የእኔ ሌንስ 250 ላይ ያበቃል። እንዳይሸሹኝ ስርቅ ወፎቹ ነጥብ ያህል ይሆናሉ፤ ቆርጬ ባሳድጋቸው ግድግዳ ላይ ሲወጡ ሽንትርትር ይላሉ። ብቀርባቸው ደግሞ እኔው ራሴ ድንጋይ ሆንኩ ማለት ነው። የአንቺ 400 ግን እኔ ካሜራ ላይ ሲገባ፣ የካሜራዬ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ትንሽ ስለሆነ፣ 640 ያህል ይሆንልኛል። ሸምበቆው ጫፍ ሳልደርስ ዓይናቸውን አገኘዋለሁ።

ጥሩው ቦታማ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ልሳነ ምድር ጎን ነበር፤ ሽመላውም ሳቢሳውም እነዚያ ትልልቅ ዛፎች ላይ ነው የሚያድረው። ግን እስጢፋኖስ ለወንዶች ነው፤ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኖረ ሥርዓት ለእኔ ካሜራ ተብሎ አይለወጥም። አንቺም አትገቢ፣ እኔም አልገባ፤ በዚህ እንኳ እኩል ነን። በጀልባ ዞር ብዬ ከሩቅ ለማንሳት ሞክሬ ጀልባው እየናጠኝ ሁሉም ተደበላልቆ ወጣ። ቀዛፊው ሽማግሌ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ቀጥ ብለሽ ወደ ወፉ አትሂጂ፣ ሌላ ጉዳይ ያለሽ ይመስል በጎን በጎኑ እለፊ ይላል። ይሠራል። እኔም እኮ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እንዲያ ነበር፤ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ባላፈርጠው ኖሮ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ አበቃለሁ። ሌንሱን ለምን እንደ ሰቀልሽው አልጠይቅሽም። ከዚያ መሥሪያ ቤት ስትወጪ «ሁለተኛ ካሜራ አልነካም» ማለትሽን አልረሳሁትም፤ ያኔ ምንም ሳልልሽ ቀረሁ፣ አሁንም ምን ማለት እንዳለብኝ... እንጃ። ብቻ ዳክዬ ደመወዝ አያስቀርም፣ ስብሰባም አይጠራም። አብሽሪ። ሰሞኑን ስለ አንቺ ደጋግሜ አስቤ ነበር፤ በተለይ ሸምበቆ ውስጥ ተንጋልዬ ሳለሁ። ሁለት ሰው ቢሆን አንዱ ያያል፣ አንዱ ያነሳል። አንቺ ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል፤ ማይባር ሐይቅ ላይ ያንን ዝናብ ከእኔ ቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ፣ አልሰማሁሽም እንጂ።

እንግዲህ ምርጫው ያንቺ ነው። ሌንሱን ከላክሽው ለአውቶቡስ ረዳት አትስጪብኝ፤ ወንድምሽ በየሁለት ሳምንቱ ደሴ ይመላለስ የለም? በእሱ እጅ ይሁን። የኋላ ክዳኑን አትርሺው፣ ሳጥኑ ከሌለ በፎጣ ጠቅልይው፣ የትኩረት መቀየሪያዋን ቁልፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክሪያት፣ ድሮ ታስቸግር ነበር። ይዘሽው ራስሽ ከመጣሽ ልጆቹን ለእናትሽ ትተሽ ከእኔ ጋር ታድሪያለሽ፤ ለሽምብራውም አንቺ ትማልጂኛለሽ። የማይሆን ከሆነም በግልጽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም፤ ግን ቶሎ ይሁን፣ ሌላ የምለምነው ሰው መፈለግ አለብኝና። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደውይ፣ ቀን ላይ ስቱዲዮው ውስጥ ኔትወርክ የለም።

ጓደኛሽ
አበባ