የጅማ ቤት እድሳት ከሴራሚክ አይጀመርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጅማ የቤት እድሳት ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ሴራሚክ፣ ጅብሰም ኮርኒስና ቀለም ነው። ለሰርግ ተብሎ ጥር ላይ የተቀባ ግድግዳ ሐምሌ ላይ ከእግሩ ጀምሮ ሲያብጥና ሲፈረፈር ደግሞ የሚወቀሰው ቀቢው ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ አይደለም፤ የቅደም ተከተሉ ነው። በመንደራም ሆነ በሂርማታ ካሉት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ እንዲህ ላለ ቤት የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ውሃን ከግድግዳው ለማራቅ ነው።

በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ስለዚህ 60 ካሬ ጣሪያ በዓመት 90,000 ሊትር ያህል ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ግድግዳው ሥር ነው። የሚረጨው ልስኑን ይልጣል፤ የሚሰርገው የቋሚውን እግር ያበሰብሳል፤ ምስጥም የረጠበውን እንጨት አይምርም።

ስለዚህ ምርመራው በክረምት፣ ሥራው በበጋ ይሁን። ዝናቡ እየጣለ ኮርኒሱ ውስጥ በባትሪ ይታይ፤ የሚያንጠባጥበው ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። ከዚያ ወደ ቋሚዎቹ ይወረድ፦ ከወለሉ አጠገብ ልስኑን ፍቆ ካቻቢቴ መግፋት ነው። ያለ ብዙ ጉልበት 2 ሴንቲ ሜትር ከገባ ያ ቋሚ ጣሪያ ተሸክሞ የቆመው በዕድል ነው።

ዝገት ያልበሳው ቆርቆሮ መቀየር የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ሚስማሩ ዘንድ ነው፤ ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ወይም ሚስማሩ የተመታው በሸንተረሩ ጫፍ ሳይሆን ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ነው። ካትራሜ መለጠፍ አንድ ክረምት ቢያሻግር ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር ይወቅ፤ ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይወፍራል፣ በርካሽ የሚቀርበውም ብዙውን ጊዜ ስሱ ነው። ሲመታ በጎን ቢያንስ አንድ ሸንተረር ተኩል፣ ከላይ ወደ ታች 20 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። ከፈፉ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ሰፊ ከፈፍና በረንዳ ለእንጨትና ለጭቃ ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ ይረዳል። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ ሳይዘቀዝቅ ከተዘረጋ ውሃ ያቁራል፣ ቅጠልም ይይዛል።

ቀጥሎ ግቢው ነው። ዓመት በዓመት አፈር ሲደለደል፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ የውጪው መሬት ከቤቱ ወለል እኩል ይሆናል፤ አንዳንዱ ቤት ጭራሽ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። የውጪው መሬት ከወለሉ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይቆፈር፤ ዙሪያውን 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጪ የሚያዘቀዝቅ ሊሾ ይሠራ፤ ከእሱ ቀጥሎ ቦይ ይውጣ።

የበሰበሰ ቋሚ የሚቀየረው አንድ በአንድ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱን በአንድ ቀን መንቀል ጣሪያውን ያጎብጣል። ወራጁ በባላ ይደገፍ፣ የበሰበሰው እግር ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ ይቆረጥ፣ ከሥሩ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል የድንጋይና የሲሚንቶ መሠረት ይሠራ። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት እንጨቱን ኮንክሪት ውስጥ መቅበር ነው፤ ኮንክሪቱ ውሃውን አቅፎ ስለሚይዝ እግሩ ቶሎ ይበሰብሳል። እንጨቱ በላዩ ቁጭ ብሎ በብረት ይታሰር። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ምስጥን ያዘገያል እንጂ አያስቆምም፤ ጠቃሚው የድንጋዩ መሠረት ተገልጦ መታየቱ ነው፣ ምስጡ የሚሠራው የጭቃ መንገድ ወዲያው ይታያልና። ማገዶ ግድግዳ ላይ አይደገፍ።

ከልስን በፊት የመብራት ሽቦ ዝርጋታ ይቅደም። ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ አምፖል ከሚያበራ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ጋር መቀጠል በደረቅ እንጨትና ጭድ መሃል እሳት ማስቀመጥ ነው። ምጣዱ የራሱ ባለ 4 ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ሶኬቶች በባለ 2.5 ይሠሩ፤ ሁሉም በቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ልስን ላይ ከብዙ ግንበኞች ጋር አልስማማም። 1 ለ3 የሆነ ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን ጭቃ ላይ አይዝም። ጭቃው በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ግን አይከተለውም፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ውሃም መውጫ አጥቶ ማገሩን ይበላል። የሚሻለው ከጭድ ጋር ሳምንት የተቦካ ጭቃ ለስኖ በኖራ መቀባት ነው። ሲሚንቶ የግድ ከሆነ 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራና 6 አሸዋ ይደባለቅ፤ የዶሮ ሽቦ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ከቋሚና ከማገር ጋር ይቸንከር፤ ልስኑም ለሳምንት ውሃ ይጠጣ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን ይለጠፍ፤ በማግስቱ ከሥሩ ላብ ከታየ ቀለሙ ይቆይ። ሴራሚኩም የሚመጣው ያኔ ነው።

ግድግዳ ለማዛወር፣ ክፍል ለመጨመር ወይም ጣሪያ ለመለወጥ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ሚስማር ከመንቀሉ በፊት አከራዩን ያናግር። ከበጀቱ አምስት እጅ አንዱ ልስኑ ሲፈነቀል ለሚገኘው ጉድ ይቀመጥ።

የቀረው ጊዜው ነው። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ መጋቢት ላይ ዝናቡ ይመለሳል። የቡና ገንዘብ የሚገባውም በዚያው ሰሞን መሆኑ ጥሩ ነበር፤ ግን የቀን ሠራተኛውም ለቀማ ላይ ነው፣ የእጅ ዋጋም ይወደዳል። ከአናፂና ከግንበኛ ጋር ውሉ መስከረም ላይ በጽሑፍ ይታሰር፤ ክፍያውም በየደረጃው ይከፋፈል፦ ጣሪያና አሸንዳ ሲያልቅ፣ ቋሚዎቹ ሲቆሙ፣ ልስኑ ሲደርቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ