ስለ ፍራንክሊኒያ ዛፌ፣ ለአባቴ

ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «ለማገር የማይሆን፣ ፍሬው የማይበላ ዛፍ ምን ይሠራልሻል?» ብለው የጠየቁኝን በወጉ ሳልመልስ ስለቀረሁ፣ ይኸው በጽሑፍ እመልስልዎታለሁ።

የዛፉ ስም ፍራንክሊኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1765 ጆን ባርትራም የተባለ የዕፅዋት አዋቂ ከልጁ ከዊሊያም ጋር በአሜሪካ በጆርጂያ ምድር ሲጓዝ በአልታማሃ ወንዝ አጠገብ አገኘው፤ ልጁም ከዓመታት በኋላ ወደዚያው ተመልሶ ዘሩን ለቀመና ፊላደልፊያ ወደሚገኘው የአባቱ የአትክልት ስፍራ አመጣው፤ ስሙንም በአባቱ ወዳጅ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ሰየሙት። ከ1803 ወዲህ ግን ዛፉን በዱር በቅሎ ያየው ሰው የለም፤ ዛሬ በየሰዉ ግቢ የሚታየው ሁሉ ባርትራሞች ካተረፉት ዘር የወረደ ነው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የደብራችን ቅጥር ነበር። ዙሪያው ኮረብታ ሁሉ ተራቁቶ ኮሶውና ወይራው የቀሩት በዚያ ቅጥር ውስጥ ብቻ መሆኑን በልጅነቴ እጄን ይዘው ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። እኔም ከሜሪላንዱ ግቢዬ አንዲት ጥግ ለዚህ ዛፍ መስጠቴ ከዚያ የተለየ ሥራ ሆኖ አይታየኝም።

ማሳደጉ ግን አልቀለለኝም። የመጀመሪያውን ችግኝ የተከልሁት ውኃ በሚያቁር የሸክላ አፈር ላይ ነበር፤ በሐምሌ ሙቀት ቅጠሉ ሲጠወልግ ውኃ የጠማው መስሎኝ ማታ ማታ አጠጣሁት፤ ሞቶ ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ በስብሶ አገኘሁት። በጣም አዘንሁ። ለሁለተኛው ውኃ የማይቆምበት ተዳፋት መርጬ፣ አፈሩን ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ቀላቅዬ ጉብ አደረግሁት፤ ሥሩ መነካካት ስለማይወድም ገና ትንሽ ሳለ ተከልሁት። እርስዎ ገብሱ እንቢ ሲል አሲዳማውን መሬት በኖራ እንደሚያክሙት አውቃለሁ፤ ይህ ዛፍ ግን የሚወደው ያንኑ አሲዳማ አፈር ስለሆነ ኖራም ሆነ አመድ አላስጠጋበትም።

አሁን ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ከእኔ ቁመት በልጧል። የጎረቤቱ ዛፍ ሁሉ በሚያዝያ አብቦ ሲረግፍ እርሱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆይና በነሐሴ እንቡጡን ይፈታል፤ አበባው የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል፣ አምስት ነጭ ቅጠል ያለው፣ መካከሉ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ፣ ሲቀርቡት የሚያውድ ነው። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጆቼ አንዳንድ ቀጥፈው ለጎረቤቶቻችን ሲያድሉ ሳይ፣ አባቴ፣ እርስዎ በአጠገቤ በነበሩ ብዬ እንባዬ መጣ። በጥቅምት ቅጠሉ ደም መስሎ ሲቀላ ጥቂት ነጭ አበባ ገና በላዩ ይቀራል፤ የዘንድሮው አበባ ፍሬም የሚበስለው በሚመጣው ዓመት ነው።

አሁን የእርስዎን ምክር እሻለሁ። ዛፉ ከሥሩ ሦስት ግንድ አውጥቷል፤ ሁለቱን ቆርጬ አንዱን ላስረዝም ወይስ እንዳለ ልተወው? ፎቶግራፉን በእህቴ ስልክ ልኬአለሁና አይተው ይንገሩኝ፤ እስከዚያ መቁረጫውን አላነሣም።

ልጅዎ