በሁለት ገጽ ላይ የወጣ አንድ ዜና

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ከፊት ገጽ እስከ ኋላ፣ የጨረታ ማስታወቂያውን ሳይቀር አነባለሁ። ቅሬታዬም ከዚሁ ልማዴ የመጣ ነው። በዓለም አቀፍ ገጻችሁ የአውሮፓ መንግሥታት የመከላከያ በጀታቸውን ከፍ ማድረጋቸውን ትዘግባላችሁ፤ ገጹም በታንክና በጄኔራሎች ፎቶ ይደምቃል። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ደግሞ የዕርዳታ እህል መቀነሱ ወይም የሕፃናት አልሚ ምግብ መቋረጡ በጠባብ ዓምድ ይወጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እኔ እንደሚታየኝ ይህ በሁለት ገጽ ላይ የወጣ አንድ ዜና ነው።

በሰሜን ወሎ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ሲመጣልን የግራ ክንዱን ዙሪያ ባለቀለም የፕላስቲክ ጥብጣብ ጠምጥመን እንለካለን። አረንጓዴው ላይ ካረፈ እናቱ ምክር ተሰጥቷት ትሄዳለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው፤ ሕፃኑ በከባድ የምግብ እጥረት ተጎድቷልና ወዲያው ሕክምና ይጀምራል። በቀዩና በአረንጓዴው መሀል፣ እስከ 12.5 ያለው፣ ቢጫ ነው። ቢጫው ሕፃን ወደ ቀይ እንዳይወርድ አልሚ ምግብ ይታደለው ነበር።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጣ በኢትዮጵያ ለ650 ሺህ እናቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን የዚህን ዓይነት ሕክምና ማቆሙን አስታወቀ። ድርጅቱን አልወቅስም፤ የሌለውን ማደል አይችልም። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ በቁጥር አይመጣም። አንዲት እናት የልጇን ክንድ ራሷ ለክታ ቢጫ መሆኑን ነገረችኝ፤ እናቶቹ ቀለሙን ከእኛ እኩል ያውቁታል። ለቢጫ የሚሰጥ ነገር እንደሌለ ስነግራት፣ «ዶክተር፣ እንግዲህ ቀይ እስኪሆን ይዤው ልቀመጥ?» አለችኝ። (ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ በእኛ አገር ዶክተር ነው።) የቀዩ ሕክምና በሌላ መስመር ስለሚመጣ አልተቋረጠም ነበር። ስለዚህ ያለችው ነገር እውነት ነው፤ ልጁ ሕክምና የሚያገኘው ከባሰበት ነው።

ይህን ስናወራ «ዓለም ደኸየ፣ ኑሮ ተወደደ» ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ዓለም ግን አልደኸየም። ሲፕሪ የተባለው የስዊድን የሰላም ጥናት ተቋም እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥታት ለጦር ኃይላቸው 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተዋል። በዚያው ዓመት ሀብታሞቹ አገሮች በይፋ የሰጡት የልማት ዕርዳታ ወደ 212 ቢሊዮን ዶላር ነው። በስልኬ አካፍዬ አየሁት። የዓመቱ ዕርዳታ በሙሉ ተጠራቅሞ የጦሩን ወጪ አንድ ወር አያሻግርም።

የሁለቱ ዝምድና የእኔ ግምት የሚመስለው ካለ የእንግሊዝን ፓርላማ ይመልከት። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ ሲናገሩ ምንም አልሸፋፈኑም። የመከላከያውን ወጪ ወደ አገሪቱ ጠቅላላ ምርት 2.5 በመቶ ለማሳደግ የውጭ ዕርዳታው ከአገሪቱ ገቢ 0.5 በመቶ የነበረው ወደ 0.3 በመቶ ይወርዳል አሉ። የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስትሯ አኔሊስ ዶድስ በሦስተኛው ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ኪስ መግባቱን ያደረጉት ሰዎች ራሳቸው ነግረውናል፤ እኛ ነን ለየብቻ የምንጽፈው። የእኔ ጤና ጣቢያ አልሚ ምግብ የቀረው በእንግሊዝ ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም። በዓለም ደረጃ ትልቁን ጉድለት ያመጣው አሜሪካ የዕርዳታ ድርጅቷን ዩኤስኤአይዲን መዝጋቷ ነው። ሆኖም የሐሳቡ አቅጣጫ ያው ነው።

ሌላም ልጨምር። ሀብታም አገሮች ከገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለድሆች አገሮች እንዲሰጡ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተወሰነው በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ያሟሉት ኖርዌይ፣ ሉክሰምበርግ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ብቻ ነበሩ። የኔቶ መሪዎች ግን በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሄግ ላይ ተሰብስበው በአሥር ዓመት ውስጥ ለመከላከያና ለጸጥታ ከየአገራችን ጠቅላላ ምርት 5 በመቶ እናወጣለን ብለው ተስማምተው ተለያዩ። ስፔን ብቻ ናት ጎላ አድርጋ ያጉረመረመችው።

«ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር አውሮፓ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?» የሚለኝ አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ዩክሬን በግዛቷ የነበረውን የኑክሌር መሣሪያ አስረክባ በምትኩ የተቀበለችው የቡዳፔስት የደኅንነት ማረጋገጫ ሰነድ ከወረራ አላዳናትም። ትጥቅ መፍታት ለደካማው ብቻ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አይነገረውም። በ1927 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያም ለጣሊያንም መሣሪያ አይሸጥም አሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት እኩል ዳኝነት ይመስላል። ጣሊያን የራሷ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ እኛ ግን የምንገዛበት ወደብ እንኳ በሰው እጅ ነበር። ሠራዊታችን በጎራዴና በአሮጌ ጠመንጃ ሲዘምት ከላይ የወረደበት የመርዝ ጋዝ ጣሊያን ራሷ ተቀብላ ባጸደቀችው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በተፈረመው የጄኔቭ ውል የተከለከለ ነበር። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ቆመው ለመንግሥታቱ ማኅበር የተናገሩትም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አንዱ መሣሪያውን ጥሎ ሌላውን አምኖ ይቀመጥ የሚል ስብከት የለኝም። የምለው፣ ሁሉም አብሮ ሲቀንስና አንዱ የሌላውን ገብቶ ሲቆጥር ይሆናል ነው፤ ከዚህ በፊትም ሆኖ ያውቃል። ያ የመርዝ ጋዝ ዛሬ የት ደረሰ? የኬሚካል መሣሪያን የሚከለክለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ላይ ሲውል አባል አገሮች ያላቸውን እንዲያስመዘግቡና በራቸውን ለተቆጣጣሪ እንዲከፍቱ ግድ ሆነባቸው። ከ72 ሺህ ቶን በላይ ተመዘገበ። በየአገሩ ሲቃጠልና ሲመክን ከርሞ የተመዘገበው የመጨረሻው ክምችት አሜሪካ ውስጥ፣ ኬንታኪ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተወገደ። የደበቀ የለም አልልም፤ ሶሪያ አሳይታናለች። ቢሆንም በአባቶቻችን ላይ የዘነበው ዓይነት መሣሪያ በዓለም መጋዘኖች በቶን ተቆልሎ የሚኖርበት ዘመን አልፏል። ይህንን የሠሩት ደግሞ በሌላ ጉዳይ ሁሉ ዓይንህን ለአፈር የሚባባሉ መንግሥታት ናቸው።

ከሙያዬ ልጥቀስና፣ ፈንጣጣም የጠፋው እንዲህ ነው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በሚሳይል ተፋጥጠው ሳለ በዓለም ጤና ድርጅት ጥላ ሥር አንዱ ክትባት፣ አንዱ ባለሙያና ገንዘብ አዋጡ። ኢትዮጵያ በሽታው መጨረሻ ላይ ከለቀቃቸው አገሮች አንዷ ነበረች፤ የመጨረሻው የእኛ ታማሚ የተመዘገበው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ነው። ሶማሊያ ተከተለች፤ በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. መጨረሻ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። የመጨረሻው የተጠናከረ ዘመቻ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ ይባላል። በዛሬው የጦር ወጪ ይህ የአንድ ሰዓት ሒሳብ ነው። የዶላሩን መርከስ ቆጥረን ግማሽ ቀን ብንለው እንኳ፣ ያንን የፊት ጠባሳ ያለባቸውን ሽማግሌዎች ለምናውቅ ሰዎች ርካሽ ነው።

የራሳችንን ጉድ ሳልነካ ብዘጋው ደብዳቤዬ ሐሰተኛ ይሆናል። የአፍሪካ መሪዎች በግንቦት 2005 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 በአህጉሩ የጠመንጃ ድምፅ እንዲጠፋ ቃል ገቡ። ያ 2020 ሊያልቅ ሲል፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ የሰሜኑ ጦርነት በእኛው አገር ፈነዳ፤ ከአንድ ወር ጥቂት አለፍ ብሎ የአፍሪካ ኅብረት ቀኑን ወደ 2030 ገፋው። እኔ የምሠራበት አካባቢ ጤና ተቋማት በዚያ ጦርነት ምን እንደሆኑ ለጋዜጣችሁ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ክላሽ የሚገዛበት ገንዘብ ስንት ፍየል እንደሚሆን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። የልጁን ክንድ የምለካለት አባት በሩ ላይ ጠመንጃውን ተደግፎ ሲጠብቅ አያለሁና ለንደንን ብቻ መውቀስ አይቀናኝም።

አሁን ወደምጠይቀው ልምጣ። ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ በሆነችበት በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ውስጥ አንቀጽ 26 የሚባል አለ። የዓለም የሰውና የኢኮኖሚ ሀብት ወደ ጦር መሣሪያ የሚዞረው በተቻለ መጠን ትንሹ ብቻ እንዲሆን፣ የጸጥታው ምክር ቤት የመሣሪያ መቆጣጠሪያ እቅድ አዘጋጅቶ ለአባል አገሮች እንዲያቀርብ ያዛል። ምክር ቤቱ ይህን እቅድ እስከ ዛሬ አላቀረበም። ቋሚዎቹ አምስት አባላት ከዓለም ትልልቅ የመሣሪያ ንግድ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሸጡ መሆናቸውን ስታዩ አይገርማችሁም።

«እኛ ድሆች ምን እናመጣለን?» የሚለው መልስ አያስኬድም፤ አንድ ጊዜ አምጥተናልና። በኅዳር 1954 ዓ.ም. የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለውን መግለጫ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ያስኬደችው ኢትዮጵያ ናት። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ አቀቡ። አሜሪካና እንግሊዝ ተቃወሙን። ሶቪየት ኅብረት ደገፈችን፤ ከዚያ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብላ በታሪክ ትልቁን ቦምብ ያፈነዳችው እሷ ነበረች፤ የዲፕሎማሲ ነገር እንዲህ ነው። መግለጫው አንድም ቦምብ አላጠፋም። ኑክሌርን ሕገ ወጥ ለማድረግ ከዚያ ወዲህ በተደረገው ክርክር ግን ያ ሰነድ ሲጠቀስ ኖሯል።

ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ የጦር በጀትና የዕርዳታ ቅነሳ ዜና በአንድ ሳምንት ሲመጣ በአንድ ገጽ፣ ጎን ለጎን አውጡት። ሁለተኛው፣ የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባዩ ሳምንታዊ መግለጫ ሲሰጡ ዘጋቢያችሁ ይህን ይጠይቅልኝ፦ ኢትዮጵያ በ1954 እንዳደረገችው ዛሬም ሌሎችን አስተባብራ፣ የጸጥታው ምክር ቤት በአንቀጽ 26 የተጣለበትን እቅድ እንዲያቀርብ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ታቀርባለች ወይ? የማታቀርብ ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው? መልሱን፣ «እናጤነዋለን» የሚል ቢሆን እንኳ፣ እንዳለ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ነርስ፣ ከሰሜን ወሎ